የተበላሸው ቡድን

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ላይ የቆምሽውም ግቢ፤ ወንበር ካነሰ ምንጣፍ አለ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ጦረኛም ስለ ንጉሥ ልጅም አይደለም። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ዕቃ እንዴት እንደሚታሰብ ስለሚያጠኑ ሰዎች ነው። ዕቃ ስለሚሠሩ አላልኩም፤ እንዴት እንደሚታሰብ ስለሚያጠኑ ነው ያልኩት። ዕቃው ገና ብረትና እንጨት ሳይነካ፣ ገና በሰው ጭንቅላት ውስጥ እያለ፣ በምን መንገድ ቢመጣ ነው ለሰው የሚበጀው? ይሄ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አትሳቁ። የተቀመጣችሁበት ወንበር ወገባችሁን ካልቆረጠመው፣ አንድ የማታውቁት ሰው ስለ ወገባችሁ አስቦ ነው።

ታሪኩ የአንዲት ተመራማሪ ነው። በልጅነቷ ታላቅ እህቷ «ለምንዬ» የሚል ቅጽል አወጣችላትና ተጣብቆባት ቀረ። «ተኚ» ሲሏት «ለምን?»፣ «ታጠቢ» ሲሏት «ለምን?»፤ «ዝም በዪ!» ሲሏት ደግሞ ትንሽ ዝም ብላ «ቆይ፣ ለምንድነው ዝም ያልኩት?» ትላለች። ጎረቤቱ ሁሉ ጠበቃ ትሆናለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ምህንድስና ገባች፤ ከምህንድስናም ይሄንኑ የንድፍ ጥናት መረጠች፤ እየገፋች ሄዳ የዶክትሬት ተማሪ ሆነች።

አማካሪዋ ስማቸው የተጠራ ፕሮፌሰር ነበሩ። ረዥም፣ ሸበቶ፣ የሹራባቸው ክርን ያለቀ ሰው። ተማሪዎቹ ከጀርባቸው «እጅ ወደ ኋላ» ይሏቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ። አንድ ቀን በኮሪደሩ ሲያልፉ አንዱ ለጓደኛው «ዝም በል፣ እጅ ወደ ኋላ መጣ!» ሲል ሰሙት። ዘወር ብለው፣ «መጡ በል እንጂ ልጄ፤ እጆቹ እኮ ሁለት ናቸው» አሉትና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ልጁ ቀኑን ሙሉ ላብ በላብ ሆኖ ዋለ።

ቅጽሉ የመጣው ከሕጋቸው ነው። የሚሠሩበት ክፍል ቤተ ሙከራ ይባላል፤ ቤተ ሙከራ ሲባል ግን ብልቃጥና ጭስ እንዳይመስላችሁ። ማጣበቂያ ያዥጎረጎረው ረዥም ጠረጴዛ አለ፤ በግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ፤ በሰሌዳው ላይ እንደ ቢራቢሮ የሚርገበገቡ ባለቀለም ተለጣፊ ወረቀቶች፤ በጥጉ የተከመረ ካርቶን፣ ገመድ፣ የፕላስቲክ ቱቦ፤ ከጣሪያው ሥር ደግሞ የሚቀርጹ ካሜራዎች። ተማሪዎች በቡድን ሆነው አንድ ዕቃ እንዲያስቡ ይታዘዛሉ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ግን እርሳስ መያዝ የለም፣ ካርቶን መንካት የለም። እርሳሶቹ ራሳቸው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ተማሪው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይቆማል፤ ያስባል፣ ይነጋገራል፣ ይጠይቃል። ይህን ዕቃ የሚጠቀም ሰው ማነው? ምን ይቸግረዋል? የት ነው የሚያስቀምጠው? አንዱ ብቻ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ጥያቄው ተሟጦ ሲያልቅ፣ ያኔ እጅ ይፈታል።

«ምነው እንደ እስረኛ!» የሚል አይጠፋም። ፕሮፌሰሩም የዳቦ ፋብሪካውን ወሬ ያመጣሉ። ወጣት ሳሉ ከሌሎች መሐንዲሶች ጋር አንድ ፋብሪካ ተጠርተው ነበር። ሥራው ተንቀራፍፏል ተባሉ። ገና ወሬው ሳያልቅ አንዱ እርሳስ መዞ ጋሪ ሳለ፤ ጋሪው አማረ፤ ሁሉም በጋሪው ፍቅር ወደቀ። ተሠራ። ዳቦው ከምድጃው ወደ ማሸጊያው እንደ ነፋስ ይበር ጀመር። ምን ይሆናል፣ ትኩሱን ታሸገና በላብ ሻገተ። ለካ በፊት በዝግታ ሲሄድ እግረ መንገዱን ይበርድ ኖሯል!

«ማንም ‹ዳቦው መንገድ ላይ ምን ይሠራል?› ብሎ አልጠየቀም» ይላሉ ፕሮፌሰሩ እየሳቁ። «ሰው የሳለውን ይወዳል። የወደደውን ደግሞ አይጠይቅም። ስለዚህ ሳትወዱ ጠይቁ።»

ይቺ ሕግ መጽሐፍ ወጥቶላታል፤ በየአገሩ ዩኒቨርሲቲ ትሰጣለች። ለምንዬም እኚህን ሰው የምትወደው ለዚህ ነው። ዕድሜዋን ሁሉ በጥያቄዋ ሰዎችን ስታሰለች ኖራ፣ ጥያቄን ከመሣሪያ ሁሉ ያስቀደመ ሰው አገኘች።

የዶክትሬት ሥራዋም ይችኑ ሕግ በማስረጃ ማቆም ነበር። አራት ቡድን ተማሪዎች ወሰደች። በቤት ውስጥ የተኛ፣ መነሣት ያቃተው ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር የሚሻገርበት ዕቃ አስቡ አለቻቸው። ይህን የመረጠችው በእህቷ ምክንያት ነው። ከታላቅ እህቷ ጋር በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ እህቷ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ናት፤ ሰው ስታነሣ ስለምትውል፣ ማታ ጫማዋን ለማውለቅ እንኳ ጎንበስ ማለት ይከብዳታል።

ሦስቱ ቡድኖች ሕጉን ጠበቁ። አራተኛው ውስጥ ግን «ፈንጠዝያ» የሚሉት አንድ ቀልደኛ ነበረ። ገና ውይይቱ ሳይጋመስ፣ ካሜራው እያየው፣ እጁን ከኋላው አውጥቶ አንድ ጓደኛውን ብብቱ ሥር ገብቶ ያዘው። ለምንዬ ቀረጻውን ስታይ እዚህ ላይ ስትደርስ አቆመችው። ሕግ ፈርሷል። በጥናት ደግሞ የተባለውን መንገድ ያልተከተለ ቡድን ከቁጥር ይወጣል፤ አለበለዚያ ማስረጃው ይደባለቃል። ፕሮፌሰሩንም ጠየቀቻቸው፤ «ትክክል ነሽ፣ አውጪው» አሏት። ፋይሉ ላይ «ተበላሽቷል» ብላ ጻፈችና ዳግመኛ አልከፈተችውም። ልጆቹ የክፍል ውጤት ስለሚያዝላቸው ዕቃቸውን መሥራት ቀጠሉ፤ ከጥናቱ ግን ወጡ።

አያችሁ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ‹ምን አግኝተው ይሆን?› ብሎ ጫፉን ያይ ነበር። ይሄ ስሕተት የሰነፍ አይደለም፤ የጠንቃቃ ሰው ስሕተት ነው። ለምንዬ ጠንቃቃ ስለሆነች ነው ያላየችው።

ዕቃዎቹ ተሠርተው አለቁና የሙከራው ቀን ደረሰ። ቤተ ሙከራው ውስጥ አልጋና ወንበር ገባ። እህቷ ከባልደረቦቿ ጋር መጣች፤ እነሱ ናቸው ዳኞቹ። ተራ በተራ አንዷ በሽተኛ ሆና ትተኛለች፣ ሌላዋ ታነሣለች።

እህትየው ገና ከበሩ ጀመረች። «ወይ ጉድ! ወንበር ላይ ለመቀመጥ ስብሰባ የሚጠሩት እነዚህ ናቸው?»

«እትዬ፣ አደራሽን፣ እዚህ አታሳፍሪኝ።»

«ምን አሳፍርሻለሁ፣ በሽተኛ ነኝ እኮ። በሽተኛ አይናገርም።» አልጋው ላይ ጋደም አለች። «ትራሱ ግን ድንጋይ ነው።»

የመጀመሪያው ዕቃ ማንሻ ያለው ነበር፤ ሁለተኛው ሰፊ ቀበቶ፤ ሦስተኛው የሚያንሸራትት ሰሌዳ። ሦስቱም ሠሩ። የሚያነሣው ሰው ጀርባ አልተጎዳም፣ ጊዜው አጠረ፣ በመመዘኛው ሁሉ አለፉ። ለምንዬ ደስ እያላት ምልክት ታደርጋለች። ግን እህቷ በተነሣች ቁጥር አንድ ነገር ታደርግ ነበር። ገላዋ ግትር ይልና እጆቿ አየር ይቧጥጣሉ፤ የባልደረባዋን አንገት ታንቃለች፣ የጋውኗን ኮሌታ ትጎትታለች፣ አንዴም የአልጋውን ጠርዝ ይዛ አለቅም አለች።

«ልቀቂ እንጂ እህት!» ትላለች አንሺዋ።

«ለቅቄስ ምን ልያዝ?»

አራተኛው ከጥናቱ ውጭ ነው፤ ተማሪዎቹ ለፍተዋልና ይታይላቸው ተብሎ ብቻ ቀረበ። ለዓይን አያምርም። ከታች ሁለት ጎማ፣ ከመሐል የጉልበት መደገፊያ፤ በተኛው ሰው ፊት ለፊት ደግሞ፣ ዝቅ ብሎ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አግዳሚ ቱቦ። እህትየው ሳይነግሯት ቱቦውን ጨበጠችው። ወደ ፊት ዘንበል አለች። ባልደረባዋ ከወገቧ ትንሽ ደገፍ ስታደርጋት፣ ከራሷ ጉልበት ጋር ተጋግዛ ቆመች፤ ዞረች፤ ተቀመጠች። ማንም ላይ አልተንጠለጠለችም።

እህትየው ቱቦውን አልለቀቀችም።

«ይሄን ወደ ቤት ይዤው ነው የምሄደው» አለች።

«አይቻልም እትዬ። እሱ ከጥናቱ ውጭ ነው።»

«ከጥናቱ ውጭ ማለት ምን ማለት ነው? ከአልጋው ያወጣኝ እኮ እሱ ነው!»

ነርሶቹ ሳቁ፣ ተማሪዎቹ ሳቁ፣ ፈንጠዝያ ደግሞ ሁለት እጁን አንሥቶ እንደ ኳስ ተጫዋች ዞረ። ለምንዬ ብቻ አልሳቀችም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ማንም ሳይገባ፣ «ተበላሽቷል» ያለችውን ፋይል ከፈተች። ፈንጠዝያ ጓደኛውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶታል። «ፕሮፌሰሩ የሉም፣ አይዞህ» ይለዋል። ከብብቱ ይዞ ብድግ ሲያደርገው ልጁ ጮኸ፤ የፈንጠዝያን ሸሚዝ ጨምድዶ ያዘ፤ ቁልፉ ተበጥሶ ካሜራው ሥር ተሽከረከረ። ሁሉም በሳቅ ወደቁ። ከዚያ ሳቁ በረደ። የተነሣው ልጅ ደረቱን ይዞ፣ «እናንተ አታውቁትም» አለ። «የምይዘው ሳጣ የምወድቅ ነው የመሰለኝ። ጉልበት ነበረኝ እኮ፣ የማደርግበት ቦታ አጣሁ እንጂ።» አንዷ ልጅ ሄዳ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ የሚነሣው ሰው እጁን ምን ያድርግ? ከዚያም፣ ልብ በሉ፣ ሁሉም እጃቸውን መልሰው ወደ ኋላ አድርገው ውይይታቸውን ቀጠሉ።

ለምንዬ የሦስቱን ቡድኖች ጥያቄ ከዳር እስከ ዳር አነበበች። ስለ አንሺው ጉልበት አለ፣ ስለ አልጋው ከፍታ አለ፣ ስለ በሩ ስፋት፣ ስለ ጎማው ድምፅ ሳይቀር አለ። ስለሚነሣው ሰው እጅ የጠየቀ የለም። ሁሉም የሚነሣውን ሰው እንደ ጆንያ ነበር ያሰቡት፤ ክፋት ኖሮባቸው ሳይሆን፣ ቆመው ሲያስቡት እንደዚያ ስለሚታይ ነው። የተኛውን ሰው ችግር ለማወቅ አንዴ መተኛት ነበረባቸው፤ ሕጉ ደግሞ አስቁሟቸዋል።

ጉዳዩ አሁን የት ላይ እንደወደቀ ታያላችሁ። አራተኛውን ቡድን ትታ ብትጽፍ በዚህ ዓመት ትመረቃለች፤ ሦስቱ ቡድኖች በቂ ናቸው፣ ማንም አይጠይቃትም። ብታስገባው ደግሞ የአማካሪዋ የዕድሜ ልክ ሕግ ጎዶሎ ነው ማለቷ ነው። ሰውየው በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ሊወጡ ነው። መጽሐፋቸው እንደገና ሊታተም ማተሚያ ቤት ገብቷል። እኚህን ሰው፣ በመሸኛቸው ዓመት፣ በገዛ ተማሪያቸው?

ቤት ስትገባ እህቷ ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች ነበር። ለምንዬ ማድረቂያውን ጨርቅ አነሣችና አጠገቧ ቆመች። አንዱን ሳህን ደጋግማ ስታደርቅ እህቷ ቀማቻት።

«ይሄ ሳህን ምን በደለሽ? ተናገሪ።»

ነገረቻት።

«እና ማን ያውቃል?» አለች እህቷ።

«እኔ አውቃለሁ።»

«ከአንቺ ሌላ?»

«ማንም።»

«በቃ ዝም በያ፤ ተመረቂና እንረፍ። ለምረቃሽ ጫማ ገዝቻለሁ።»

ለምንዬ ሌላ ሳህን አንሥታ ማድረቅ ጀመረች። እህቷ በአረፋ የተሞላ እጇን ታጥባ ወደ እሷ ዞረች።

«ሰውየውን ትፈሪያቸዋለሽ?»

«እወዳቸዋለሁ።»

«እኔ የጠየቅኩሽ ሌላ ነው።»

«ሁለቱንም፣ እትዬ።»

«ወይ አንቺ ልጅ።» እህትየው ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲህ ስሚኝ። እኔ አንድ በሽተኛ ቁስሉን ደብቆኝ፣ ‹ነርሷ እንዳታዝን ብዬ ነው› ቢለኝ በጥፊ ነው የምለው። ከወደድሻቸው ሄደሽ ንገሪያቸው። ጫማው አይሻግትም።»

በነጋታው የፕሮፌሰሩን በር አንኳኳች። የሚቀመጥበት ወንበር ላይ መጽሐፍ ተቆልሎ ስለነበር ቆማ ነገረቻቸው። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጨረሰች። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ጠረጉት፤ አሁንም ጠረጉት።

«አንድ ቡድን ነው» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ደረቅ ነበር። «ከአንድ ቡድን ምንም አይባልም። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል፣ ፕሮፌሰር።»

«ደግሞ ልጁ ያደረገው ጥናት አይደለም፤ ጨዋታ ነው።»

«አዎ። ጨዋታ ነው።»

እሺ ስትላቸው ይበልጥ የጨነቃቸው ይመስላሉ። በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከቱ። «አሳዪኝ» አሉ።

አዩት። ጓደኛው የምይዘው አጣሁ ያለበትን ቦታ እንደገና አስደግመው አዩት። ከዚያ ብድግ አሉና፣ «ያንን ልጅ ጥሪልኝ» አሉ።

ፈንጠዝያ ከትምህርት ቤት የሚባረር መስሎት ፊቱ አመድ ለብሶ መጣ። «ፕሮፌሰር፣ ያን ቀን እኮ እኔ…»

«አንሣኝ።»

«አቤት?»

«ጓደኛህን እንዳነሣኸው አድርገህ አንሣኝ።»

«እርስዎን?»

«ምነው፣ እከብዳለሁ?»

«ኧረ አይደለም… ማዕረጉ ነው የሚከብደኝ።»

ለምንዬ ሳቋ አመለጣት። ፕሮፌሰሩ ግን ሳይስቁ ወደ ቤተ ሙከራው ቀደሙ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ያን ረዥም ጠረጴዛ ወጥተው በጀርባቸው ተኙ። ካልሲያቸው አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ ነበር። ፈንጠዝያ ከብብታቸው ያዛቸው። ጀርባቸው ከጠረጴዛው ገና ለቀቅ ሲል፣ የፕሮፌሰሩ እጅ ተወንጭፎ የልጁን ጆሮ ጨመደደ።

«ኧረ ጆሮዬን!»

ተቀመጡ። እግራቸው ከጠረጴዛው ተንጠልጥሏል። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሩቅ እያዩ ነበር።

«ጎዳሁህ?» አሉት ቆይተው።

«እስካሁን አልለቀቁኝም፣ ፕሮፌሰር።»

ለቀቁት። እጃቸውን ገልብጠው፣ የሌላ ሰው እጅ የሆነ ይመስል ተመለከቱት። ለምንዬ ትጠብቃለች። ሊቆጡ ይችላሉ፤ ሊያፍሩ ይችላሉ፤ ‹ተይው፣ ጻፊና ተመረቂ› ሊሉም ይችላሉ።

«ይቺን ጥያቄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «መቶ ዓመት ቆሜ ባስብ አላገኛትም ነበር።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ቢሆንም አንድ ቡድን አንድ ቡድን ነው። ደግመሽ ትሠሪዋለሽ። ብዙ ቡድን፤ ግማሹ በእኔ ሕግ፣ ግማሹ መጀመሪያ በገላው እየሞከረ። ዳኞቹ የቱ የቱ እንደሆነ አይወቁ። እኔም አልወቅ። ሙከራውን ስትነድፊው ደግሞ እኔ ልሸነፍ የምችልበት አድርጊው። መሸነፍ የማልችልበት ሙከራ ምንም አይነግረንም።»

«ዓመት ይፈጃል፣ ፕሮፌሰር። ጡረታዎ…»

«ይጠብቀኛል። ጡረታ የት ይሄዳል?»

እዚያው በካልሲያቸው ቆመው ማተሚያ ቤቱ ጋ ደወሉ። «መጽሐፉን አቁሙልኝ» ሲሉ ሰማቻቸው። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ሳይነጫነጭ አልቀረም፤ «አይ፣ የፊደል ግድፈት አይደለም» አሉት። «አንድ ነገር ገና አላወቅኩም። ሳውቅ እደውላለሁ።»

ዓመቱ ቀላል አልነበረም። የለምንዬ እኩዮች ተመርቀው ሥራ ያዙ፤ የምረቃ ጫማው በካርቶኑ ተቀመጠ። አንዳንድ መምህራን በሻይ ሰዓት ሽሙጥ ያቀብሉ ነበር፤ «ሽማግሌው የገዛ ቤታቸውን እያስፈረሱ ነው አሉ» ይላሉ። ፕሮፌሰሩ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «ምሰሶው ምስጥ እንደበላው ሳያዩ ከመተኛት ይሻላል» ብለው ወሬ ይቀይራሉ። በቡድኖቹ ሥራ ግን ጣልቃ አልገቡም። በሙከራው ቀን ወደ ቤተ ሙከራው የሚወስደውን ኮሪደር እንኳ አይረግጡም ነበር፤ ፊታቸው የሆነ ነገር እንዳይነግርባቸው ፈርተው።

ውጤቱ ሲመጣ ማንንም አላስጨፈረም። በገላቸው የሞከሩት ቡድኖች አብዛኞቹ ያቺን ጥያቄ አገኟት፤ ሌሎችም ማንም ያላሰባቸውን አገኙ። እጃቸውን ወደ ኋላ ያደረጉት አላገኟትም። ነገር ግን ከሞካሪዎቹ መካከል የመጀመሪያውን ካርቶን ወድደው፣ ሙጭጭ ብለው፣ ከዚያ በኋላ ምንም መጠየቅ ያቆሙም ነበሩ። የዳቦ ጋሪው በሽታ! የፕሮፌሰሩ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም።

ለምንዬ ይሄን ስትነግራቸው ለአፍታ ፊታቸው በራ። ‹አላልኩም?› ለማለት አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ከፍተው ዘጉት። ይልቅ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አድርገው፣ «እንግዲያው ምን ይደረግ ትያለሽ?» አሉ።

«በገላቸው ይሞክሩ። የሠሩትን ግን ከመጠየቃቸው በፊት ያፍርሱት።»

«በገዛ እጃቸው?»

«በገዛ እጃቸው።»

«ያለቅሳሉ እኮ።»

«ያልቅሱ። ከዚያ ይጠይቁ።»

ፕሮፌሰሩ እስኪያስላቸው ሳቁ። የጽሑፉ ልብ ይሄው ሆነ፤ በዚህም ሌላ ሙከራ ተደረገና ጸና።

ጽሑፏን በፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ቀን ደረሰና አዳራሹ ሞላ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ከባድ ሴት ነበሩ፤ የፕሮፌሰሩን መጽሐፍ ተምረውበት ያደጉ፣ በእሱ ሌላውን ያስተማሩ። ጽሑፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው መዳፋቸውን ጫኑበት።

«ልጄ፣ ይሄ ሥራ የአማካሪሽን ሕግ ከመሠረቱ የሚነቀንቅ ነው። እሳቸው ሥርዓት አክብረው ዝም ብለዋል፤ እኔ ግን ከአንደበታቸው መስማት እፈልጋለሁ። ፕሮፌሰር፣ ይህ ሲደረግ ያውቁ ነበር?»

ለምንዬ ወደ እሳቸው ማየት አቃታት። እህቷ ከኋላ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አንቃ ይዛለች።

ፕሮፌሰሩ ተነሡ። «ልሸነፍ የምችልበት አድርገሽ ሥሪው ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ። «እሷ ዓመት ሙሉ ፈራችልኝ። እኔም አልዋሽም፣ ፈርቼ ነበር። አሁን ግን የዛሬ ሁለት ዓመት የማላውቀውን ነገር ዐውቄ እዚህ ቆሜያለሁ። አስተማሪ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? መጽሐፌን የተማራችሁበት ሁሉ፣ ይችን ልጅ ስሟት። እኔ ከእሷ ተምሬያለሁ።»

ተቀመጡ። ፈታኟ መዳፋቸውን ከጽሑፉ ላይ አነሡ። ከዚያ በኋላ የጠየቁት ጥያቄ ሁሉ የማወቅ ጥያቄ እንጂ የመጣል ጥያቄ አልነበረም።

አለፈች። ኮሪደሩ ላይ እህቷ አንገቷን አንቃ ስትስማት፣ ፕሮፌሰሩ ጎን ቆመው ተራቸውን ጠበቁ።

«ማተሚያ ቤቱ ጋ ደውዬያለሁ» አሏት። «ሕጉን የጻፍኩበት ሦስተኛው ምዕራፍ ከመጽሐፉ ይወጣል። አዲሱን አንቺ ጻፊው፤ በስምሽ ይገባል። እኔ ኮማውን አርማለሁ።»

ለምንዬ የዓመቱ ሁሉ እንባ ያኔ መጣባት። ፕሮፌሰሩ ደነገጡ፤ መሐረብ ፍለጋ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ያገኙት የሰሌዳ መጥረጊያ ጨርቅ ነበር፣ እሱኑ ሰጧት። ጉንጯ በሰሌዳ ቀለም ሰማያዊ ሆነ። እህትየው አይታ፣ «እንዲህ ሆነሽ ፎቶ አትነሺም!» ብላ ስትጮህ፣ ሦስቱም ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ።

አበቃሁ ልጆቼ። ከእናንተ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። አንድ ቀን እናንተም የምታስተምሩት ሰው ይኖራችኋል፤ ልጅም ይሁን ተማሪ፣ ታናሽም ይሁን። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ ልክ የመሰላችሁ ነገር ልክ እንዳልሆነ ሊነግራችሁ በራችሁን ያንኳኳ እንደሆነ፣ እስኪጨርስ አድምጡት። ያኔ እኚያን ሽማግሌ አስታውሱልኝ፣ እሺ?